ውሃውን ያልጠጣችው ግመል

ይገዙ የተወለደው አዋሽ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ ሐዲድ ለዋጭ ነበሩ። ከድሬዳዋ የመጣ ባቡር በየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ፤ ቤት ሲገቡ ግን "ምሳ ስጡኝ" ለማለት የሚያፍሩ፣ እስኪቀርብላቸው ድረስ ግድግዳ እያዩ የሚቀመጡ ሰው። ጎረቤቱ "ይገዙ ከአባቱ የወረሰው እፍረቱን ነው" ይል ነበር። ውሸት አይደለም። አራተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ሰሌዳው ፊት ወጥተህ አንብብ ሲሉት እግሩ ተሳሰረ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም በበሩ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ማንበብ አይችልም አይባልም። በጣቱ እየተከተለ፣ ቃሉን መጀመሪያ በሆዱ ብሎ፣ ቀጥሎ በከንፈሩ ብሎ ያነባል። ሰው ፊት ግን አያደርገውም።

የድሮው ባቡር ሲቆም ጣቢያው ዝም አለ። ይገዙም እንደ ብዙዎቹ የጅቡቲን መንገድ ይዞ ወደ ሰመራ ወረደ። ሰመራ ያን ጊዜ ከጥቁር ድንጋይ መሃል ገና የምትበቅል ከተማ ነበረች። ከተማው ዳር አንድ የውሃ ምርምር ቤት ሲሠራ ድንጋይ ተሸከመ። ሕንፃው ሲያልቅ ጽዳት ሆኖ ገባ። እጁ የረጋ፣ ዕቃ የማይሰብር መሆኑ ሲታይ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ አደረጉት። ያን ሥራ ወደደው። ብርጭቆ አንብብ አይልም።

መምህርት ራሄል በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ለዶክትሬት ሥራዋ እዚያ መጣች። የመልካ ወረር ልጅ ናት፤ አባቷ የጥጥ ምርምር ሠራተኛ ነበሩ። የዚያ አገር ውሃ ጥርሷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቡናማ አድርጎባታል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ፍሎራይድ ይባላል። ራሄል የምታጠናው እሱን ከውሃ የሚያወጣ ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱም የሚሠራው ከግመል አጥንት ነው። አጥንቱ ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይፈጫል። ማቃጠሉና መፍጨቱ የይገዙ ሥራ ሆነ።

"ጋሽ ይገዙ፣ እስቲ ከራስዎ አንድ ፀጉር ይንቀሉ" አለችው አንድ ቀን።

ነቀለ።

"አሁን በስፋቷ ሰማንያ ሺህ ቦታ ይሰንጥቋት።"

"በምን መምህርት?"

"በሐሳብ ነዋ! ያቺ አንዷ ስንጥር ናኖ ትባላለች። የእኛ ዱቄት ከእሷ ብዙም አይበልጥም።"

ይገዙ ፀጉሩን በጣቶቹ መሃል ይዞ አገላብጦ አየና "እኔስ ከዚህም በላይ ራሰ በራ አያድርገኝ" አለ። ራሄል በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። በዕድሜ ልጁ ትሆናለች፤ እሷም እሱም ግን "እርስዎ" ነበር የሚባባሉት። ከእሷ በፊት አንድም የተማረ ሰው ይገዙን "እርስዎ" ብሎት አያውቅም።

ሥራው ከላብራቶሪ ወጥቶ ሰው ሊጠጣው ሲል የአካባቢው የአፋር ሽማግሌዎች አንድ ነገር ጠየቁ። የማን አጥንት ነው? እንዴት የሞተ ነው? ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ለእነሱ በክት ነው፤ በበክት አጥንት የተጣራ ውሃ አንጠጣም አሉ። ራሄልም "በቢስሚላህ ከታረደ ግመል ብቻ ነው የምንወስደው" ብላ ቃል ገባች። ቃሏን ለመጠበቅም ለእያንዳንዱ ጆንያ ቅጽ አዘጋጀች፤ አጥንቱ ከየት እንደመጣ፣ ቀኑ፣ ያመጣው ሰው ስምና ፊርማ። አምጪው ይገዙ ነበር።

ሎግያ አንድ የግመል ሥጋ ቤት አለ። ይገዙ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጆንያ አመጣ። በሁለተኛው ቀን ከሥጋ ቤቱ ሲወጣ የጽዋ ማኅበራቸው ጸሐፊ እሸቴ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አየው።

"ይገዙ! ግመል ጀመርክ እንዴ?" አለ እሸቴ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። "ቆይ ለንስሐ አባትህ ነግሬልህ! ዘንድሮ ጸበሉም አያነጻህ!"

ቀልድ ነው። ሰዉ ሳቀ፤ እሸቴም ሻይ ጋበዘው። ይገዙ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሎግያ መንገድ በወጣ ቁጥር ያ የሰሌዳው ፊት ሳቅ ይሰማው ጀመር።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ሰኔ፣ በረመዳን ጾም ወር፣ ራሄል ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ "ስመለስ ሦስተኛውን ጆንያ ላግኘው፣ ጋሽ ይገዙ" አለችው። እሺ አለ። ዛሬ ሥጋ ቤቱ ቀን ዝግ ነው፣ ነገ ሙቀት ነው እያለ ቀኑን ገፋ። በመሃል እህቱ ሮማነወርቅ ታማ ወደ አዋሽ ሄደ። ሮማነወርቅ አሁንም የባቡር ጣቢያው ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ብትታመምም ምላሷ አልታመመም።

"አጥንት ለቃሚ መጣ!" አለችው ከአልጋዋ። "እጅህን ታጥበሃል? የግመል እጅህን ይዘህ እንዳትስመኝ!"

"በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ እታለም።"

"አባባ ባቡር ሲመልሱ ኖሩ፤ አንተ ጅብ የተወውን ትለቅማለህ። ደግሞ ዶክተር የምትሆነው ያቺ መምህርትህ!"

ሲመለስ ሚኒባሱ ገዋኔን አልፎ ጎማው ፈነዳ። ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። ይገዙ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ሽንቱን ሊሸና ሲሄድ አየው። የግመል ግልገል አጥንት ነበር። ጥንብ አንሳና ጉንዳን አጽድተውት፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ ጎድኖቹ በየቦታቸው እንደተሰደሩ፣ የተኛ ይመስላል። መኪና ገጭቶት ይሁን በሽታ ገድሎት ማን ያውቃል። የታረደ እንዳልሆነ ግን ይገዙ ያውቃል። የሚያርድ ሰው ሥጋውን ለጥንብ አንሳ አይተውም።

ዙሪያውን አየ። ማንም የለም። ከሹፌሩ ባዶ ማዳበሪያ ለምኖ እያጎነበሰ ሰበሰበው። ቀላል ነበር፤ ማንም የማያይበት፣ ማንም የማይስቅበት ቦታ። ጭንቅላቱን ብቻ አልደፈረም። ዓይን የነበረበት ቀዳዳ ወደ መንገዱ ይመለከት ነበርና እዚያው ተወው።

ሰመራ ሲደርስ ቅጹን አወጣ። በጣቱ እየተከተለ "ከየት" የሚለውን አገኘ። "ሥጋ ቤት" ብሎ ጻፈ። ፈረመ።

ያን አጥንት ሲያቃጥለው የምድጃው ድምፅ ሌላ ነበር ይላል ይገዙ። የሌሎቹ ይንጣጣል፤ ይሄኛው አልተንጣጣም። ምድጃው ሆዱ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ነበረው። ራሄል ከአዲስ አበባ ስትመለስ የሦስቱን ጆንያ ዱቄት አንድ ላይ ቀላቀለችው። ለጥናቱ እኩል መሆን አለበት አለች። ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲያ የትኛው የሥጋ ቤት፣ የትኛው የመንገድ እንደሆነ የሚለይ ማሽን የለም።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ ዱቄቱ የገባበት ትልቅ ሮቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአርብቶ አደር ሰፈር ተተከለ። ቧንቧው ሲከፈት እናቶች በጀሪካን ተሰለፉ። የምርምር ቤቱ ዘበኛ ጋአስ የዚያ ሰፈር ሰው ነው። ከይገዙ ጋር አሥር ዓመት በር ላይ አብረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ጾም ቀን እየቆጠረ የሚቀልድበት ወዳጁ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ጋአስ እንዲህ አለ። "ያ ውሃችሁ ጥሩ ነው። ሰው ጠጣ፣ ፍየል ጠጣ፣ አህያም ጠጣ። ግመል ግን አልጠጣም።"

"እንዴት አልጠጣም?"

"አፉን ያስጠጋል። ያሸታል። ከዚያ አንገቱን አቅንቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዞሮ እንኳን አይደለም፣ ወደ ኋላ! ሦስት ቀን የተጠማ ግመል። አንዱም አልጠጣም።"

ይገዙ የያዘው መጥረጊያ ቀዘቀዘበት። ራሄል ስትሰማ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። "ግመል ጨው ይወዳል፤ ውሃው ቀሎበት ይሆናል" ብላ ጻፈች። ምክንያት አለው ማለት ነው። ይገዙ ያን ምክንያት እንደ ጸሎት ይዞት ሰነበተ።

ከስምንት ቀን በኋላ ቀትር ላይ ዕቃ እያጠበ ቀና ሲል ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ግመል ቆማለች። አጥሩ ጋ። አሮጊት፣ ጎኗ የገባ፣ እግሯ በድንጋይ የተላጠ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናትና ጥላ የላትም። ቅጠል አትፈልግም፤ የሚበላ ቅጠልም የለም። ዝም ብላ ወደ መስኮቱ ታያለች። ወደ እሱ አይደለም፤ ከእሱ በስተጀርባ ወዳለው መደርደሪያ ነው። እዚያ የዱቄቱ አራት ማሰሮዎች ተደርድረዋል።

ጋአስ በድንጋይ አባረራት። ሄደች። በማግስቱ ቀትር ተመልሳ ቆመች። በሦስተኛውም።

ይገዙ ለማንም ሳይናገር ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ወስዶ ከሕንፃው ወዲያ ማዶ ያለው መጋዘን ውስጥ ቆለፈባቸው። መጋዘኑ መስኮት የለውም። በማግስቱ ቀትር ላይ በላብራቶሪው መስኮት ተመለከተ፤ የለችም። እፎይ ብሎ ወደ ኋላ በር ወጣ። ግመሏ የመጋዘኑን ግድግዳ በአፍንጫዋ ነክታ ቆማለች። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ ምድጃው ውስጥ የሰማው ያ ማጉረምረም ነበር።

"ጋአስ፣ የማን ናት?" አለ ይገዙ።

"የዚህ አገር ምልክት የላትም። መልእክት ልኬአለሁ፤ ባለቤቷ ይመጣል።"

አፋር ስልክ ሳይኖረውም መልእክት ይልካል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቀመጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማ ይነጋገራል። ዳጉ ይሉታል። ያላየውን አየሁ ያለ፣ ያየውን የደበቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚቀበለው የለም። እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ባለቤቷ በአምስተኛው ቀን መጣች። ሁሪያ ትባላለች። ቀጭን፣ ጠይም፣ በትርና ትንሽ ጀሪካን የያዘች ሴት፤ ከገዋኔ አካባቢ ነው የመጣችው። ሰላምታው ብቻ ብዙ ወሰደ። ከዚያ ከጋአስ ጋር ከበሩ ጥላ ሥር ቁጭ አሉና ዳጉ ጀመሩ። ይገዙ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ እየጠረገ ይሰማ ነበር። ቋንቋውን በከፊል ነው የሚያውቀው፤ ጋአስ በየመሃሉ ይተረጉምለታል።

"ግመሏ የእሷ ናት" አለ ጋአስ። "አምና ግልገሏ ሞተባት። እናቲቱ አጥንቱ ላይ በየቀኑ ሄዳ ትቆም ነበር። ግመል እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ አንድ ቀን አጥንቱ ጠፋ። ጭንቅላቱ ብቻ ቀረ።"

"ጅብ ወስዶት ይሆናል" አለ ይገዙ።

ጋአስ ተረጎመላት። ሁሪያ ይገዙን ሳታይ መለሰች።

"ጅብ እግር ይወስዳል፣ ጎድን ይወስዳል ትላለች። ሁሉን አንድ ላይ አይወስድም። ጅብ ማዳበሪያ አይዝም ትላለች።"

ይገዙ መጥረጊያውን አቆመ።

"እናቲቱ ዘጠኝ ወር ጭንቅላቱን ስታሸት ቆየች። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀና አለች፤ መንጋውን ትታ ወደዚህ ወደ ሰሜን መራመድ ጀመረች። አስሬ ብመልሳት ገመዱን በጠሰች ትላለች።" ጋአስ በጣቱ ቀን ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ፊቱ ተለወጠ። "ይገዙ፣ ያ ሮቶው የተከፈተበት ጠዋት ነው።"

ሁሪያ አሁን ይገዙን አየችው። አንድ ነገር አለች፤ አጭር ነው።

"አንተስ፣ ያየኸውን በል ትላለች።"

ይገዙ መናገር ይችል ነበር። ግን ራሄል ታየችው። ከነገ ወዲያ ሴሚናሯ ነው። አማካሪዋ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ተጠርተዋል። ያ ቀን ካለፈ ሐምሌ ላይ ዶክተር ትባላለች፤ ሮቶውም አሥራ አንድ ሰፈር ይተከላል። እሱ አፉን ከከፈተ ሁሉም ይፈርሳል፤ ከዘጋ ደግሞ አሥራ አንድ ሰፈር እምነቱ የከለከለውን ሳያውቅ ይጠጣል።

"ምንም አላየሁም" አለ።

ጋአስ ወዲያው አልተረጎመም። "ይሄን ልንገራት?"

"ንገራት።"

"እኔ ነኝ የምነግራት፣ ይገዙ። እሷ መንገድ ላይ ስትናገር ከጋአስ ሰማሁ ብላ ነው። የሚሰሟትም ጋአስ እንዲህ አለ ብለው ነው የሚያወሩት። እስከ ገላፊ፣ እስከ አዋሽ። በደንብ አስብ።"

"ንገራት አልኩህ።"

ጋአስ ነገራት። ከዚያ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ሌላኛው የበሩ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ያን ቀንና በማግስቱ አብረው ሻይ አልጠጡም።

ሁሪያ ግመሏን ጎትታ ልትወስዳት አልቻለችም። አጥሩ ጋ አብራት ቁጭ አለች።

የሴሚናሩ ዕለት አዳራሹ ሞቃት ነበር፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ፊት ለፊት ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ጎናቸው ለማስተርጎም ጋአስ፣ ኋላ መምህራንና ተማሪዎች። ራሄል ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ስላይዷን ከፈተች።  ፍሎራይዱ በሊትር ከስድስት ሚሊግራም ተነሥቶ ከአንድ በታች እንዴት እንደወረደ፣ መስመሩ ግድግዳው ላይ ቁልቁል ሲወርድ አሳየች። እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ነበር የምትናገረው። ይገዙ ከበሩ አጠገብ፣ የተጣራውን ውሃ በጆግ ይዞ፣ ያን አየ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥርሷን ሙሉ በሙሉ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

አማካሪው ስለ ዱቄቱ ቅንጣቶች ስፋት ጠየቀ። ሌላው ስለ ውሃው አሲድነት ጠየቀ። መለሰች። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ በጋአስ በኩል "አጥንቱ ከየት ነው?" አሉ።

"መዝግበነዋል አባቴ" አለች ራሄል ደስ ብሏት። "ይኸው፣ ሦስቱም ጆንያ።"

ቁልፉን ነካች። ቅጹ ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ። የይገዙ እጅ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሰው ክንድ ያህል ሆኖ፣ መቶ ሰው ፊት። ሥጋ ቤት። ሥጋ ቤት። ሥጋ ቤት። ሦስተኛዋ ትንሽ ጋደል ብላለች።

"ጋሽ ይገዙ፣ ለአባቶች ውሃውን ይቅዱላቸው።"

ሄደ።  በአዳራሹ መስኮት በኩል፣ ነጭ ብርሃን ውስጥ፣ ረጅም አንገት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይገዙ አላየሁም ለማለት ሞከረ። ቀዳ። ትልቁ ሽማግሌ ብርጭቆውን ተቀብለው "ቢስሚ..." ሲሉ የይገዙ እጅ ሄዶ የብርጭቆውን አፍ ከደነ።

"አይጠጡ" አለ።

 ራሄል "ጋሽ ይገዙ?" አለች በቀስታ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ብርጭቆውን እንደያዙ፣ እጁም እንደከደነው፣ ይጠይቁ ጀመር። ጋአስ ቃል በቃል ተረጎመ።

"አየህ ወይስ ሰማህ?"

"አየሁ። እኔው ነኝ ያደረግኩት።"

"የት?"

"ከገዋኔ ወዲህ፣ መንገድ ዳር።"

"ታርዶ ነበር?"

"አልታረደም። ሞቶ የተገኘ ግልገል ነው።"

"ስንቱን ወሰድክ?"

"ከጭንቅላቱ በቀር ሁሉንም።"

"ሌላ የሚያውቅ አለ?"

"ማንም። እሷም አታውቅም።" በአገጩ ወደ ራሄል አመለከተ። "ከትናንት ወዲያ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ። ጋአስ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ያዋሸሁት።"

ጋአስ ይህችንም ቃል በቃል ተረጎመ።

ከኋላ አንድ መምህር "በሳይንሱ በኩል እኮ ለውጥ የለውም፣ ያው ካልሲየም ነው" አለ። ራሄል ዞራ አየችው። "ቃል ሰጥቻለሁ" አለችና ኮምፒዩተሯን ዘጋችው። ግድግዳው ነጭ ሆነ።

ሽማግሌው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። "እኛ የጠጣነው ሳናውቅ ነው፤ እሱን አላህ ያውቃል" አሉ። "አውቆ ያጠጣን አንድ ሰው ነው። እሱም ተናግሯል።" ተነሥተው ወጡ።

ያን ከሰዓት ሮቶው ተዘጋ። አማካሪው የዓመቱ ቁጥር ሁሉ ከተቀላቀለው ዱቄት ስለሆነ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት አለ። ይገዙ ራሄልን ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኛት።

"ሥጋ ቤቱ እኮ ሎግያ ነው፣ ጋሽ ይገዙ። ሃያ ደቂቃ። ለምን አልገቡም?"

"አፈርኩ።"

"እኔንስ አላፈሩኝም?"

ይገዙ አንድ የታጠበ ብርጭቆ አንሥቶ እንደገና ማጠብ ጀመረ። 

ጋአስ በሩ ላይ መጣ። "ሁሪያ የግልገሏን አጥንት ስጡኝ ትላለች።"

"ዱቄት ሆኗል እኮ" አለች ራሄል። "ከሌሎች ጋር ተደባልቋል።"

"ነግሬአታለሁ። እናቱ ታውቀዋለች ትላለች።"

ራሄል ማሰሮዎቹ ወደ ተቆለፉበት መጋዘን አየች። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ለይገዙ ሰጠችው። ሮቶው ውስጥ የነበረውንም አስጠርጋ በከረጢት አስመጣች። አራቱም ወጡ፤ ይገዙ፣ ራሄል፣ ጋአስና ሁሪያ። ግመሏ ከኋላ። ማንም አልጎተታትም። ይገዙ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ከሕንፃዎቹ አልፈው፣ ጥቁሩ ድንጋይ አሸዋ የሚሆንበት ቦታ ሲደርሱ ሁሪያ በበትሯ መሬት ቆፈረች። ዱቄቱን ሁሉ አፈሰሱት። ነጭ ነበር፣ ከአሸዋው በላይ እንደ ጭስ ትንሽ ተነሥቶ ወረደ።

ግመሏ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አሸተተችው። ብዙ ቆየች። ሁሪያ በሹክሹክታ አንድ ነገር ትላት ነበር። ከዚያ ግመሏ ቀና አለች፣ ጉድጓዱን ተሻግራ መጣችና አፍንጫዋን የይገዙ ደረት ላይ አደረገች።

ይገዙ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ተከተለችው። ትንፋሿ በሸሚዙ አልፎ ይሰማዋል፤ ጎድን በጎድን ታሸታለች፣ እንደሚቆጥር ሰው።

"የቀረ አለ?" አለ ጋአስ። "ይገዙ፣ ንገረኝ።"

"የለም። በመድኃኔዓለም፣ ሁሉንም አውጥቻለሁ።"

ራሄል ቀረበችው። "ሲፈጩ ብናኙ እንዳይገባብዎ አፍዎን ይሸፍኑ ነበር?"

"ይሞቃል እኮ፣ መምህርት።"

አሁን እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ለሳቅ አልነበረም። ጋአስ ያን አልተረጎመም። ሁሪያም ተርጉሙልኝ አላለችም፤ ግመሏን እያየች ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሪያ ጉድጓዱን ደፍና ጀሪካኗን አነሣች። ጥቂት ተራመደችና ግመሏን በስሟ ጠራቻት። አልመጣችም። ደግማ ጠራቻት። ግመሏ የይገዙን ደረት አልለቀቀችም። ሁሪያ ተመለሰች፤ ፊቱን አየች፣ ቁጣ አልነበረባትም፤ የደከማት ሴት ነበረች። አንድ ነገር አለች።

"እሷ ካልመጣች አንተ ና ትላለች" አለ ጋአስ።

"የት ይሄዳሉ?" አለች ራሄል። "ጋሽ ይገዙ፣ ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለብዎት! ሁለት መቶ ኪሎሜትር ነው!"

ይገዙ ጋዋኑን አውልቆ አጣጠፈና ሰጣት። ለማንበብ እንደሚያደርገው መጀመሪያ በሆዱ አለው፣ ቀጥሎ በከንፈሩ።

"የእሷን ነው የያዝኩት፣ መምህርት።"

ወደ አስፋልቱ ወጡ። ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች መብራት እያበሩ ያልፏቸው ጀመር። ሁሪያ ከፊት፣ ይገዙ ከመሃል፣ ግመሏ አፍንጫዋን በትከሻዎቹ መሃል አድርጋ ከኋላ። ጋአስ እስኪጠፉ ድረስ ቆሞ አያቸው፤ በማግስቱ ለመጣው ለመጀመሪያው መንገደኛም ቁጭ ብሎ ያየውን ነገረው።